የያረጋል ሬዲዮና የሐሚዳ ስም

እንግዳው የሚባለው ሬዲዮ ጠጋኝ ሣቂ ሰው ነበር። በደርግ ጊዜ፣ በመተማ ሙቀት፣ የጋለ የብየዳ ካውያ ጨብጦ ሲውል ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ እሱ ይስቃል። ሙያውን የተማረው በጦሩ መገናኛ ክፍል ነው፤ እግሩ ተጎድቶ ሲሰናበት ቆላ ወርዶ ሱቅ ከፈተ።

ከዕቃው ሁሉ የሚሳሳላት አንዲት ሣጥን ነበረችው። የጥጥ እርሻ ላይ የነበሩ የውጭ ሰዎች ሲሄዱ የሰጡት ሲግናል ጀነሬተር ናት። እንደ ትንሽ ጣቢያ ሆና ሞገድ ትልካለች፤ ሬዲዮው ከተቀበላት ጤነኛ ነው፣ ካልተቀበላት ታሟል። የኤፍ ኤም ቁጥሯን ግን ነክቶት አያውቅም። ኤፍ ኤም ያለው ሬዲዮ ማን አምጥቶለት!

«ይችን ሣጥን ከእኔ አስበልጠህ ትወዳለህ» ትለዋለች ሚስቱ አየሁሽ።

«እሷ እኮ ካልነኳት ዝም ትላለች» ይላታል።

አንድ የገበያ ቀን ያረጋል የሚባል ሰሊጥ ገበሬ ትልቅ ሬዲዮ ታቅፎ፣ ግማሽ ገበያ አስከትሎ መጣ። ከኋላው ሐሚዳ ነበረች፤ ከጋላባት እየተሻገረች ዕቃ የምትሸጥ ሱዳናዊት።

«ጋሼ እንግዳው፣ ይዩልኝ! ሁሉም ይሠራል ብላ ሸጠችልኝ፣ ይኸው ኤፍ ኤሙ ሞቷል። ሽሽ ከማለት በቀር ትንፍሽ አይልም። ሌባ ናት!»

«ወላሂ፣ ደኅና ሬዲዮ ነው» አለች ሐሚዳ። ሌባ የተባለ ነጋዴ በዚያ ገበያ ሁለተኛ ዕቃ አይዘረጋም።

«በዚህ መስመር የሚያወራ ጣቢያ በአካባቢያችን የለም» አለ እንግዳው። «ምን ይበልልህ?»

«ጣቢያ ከሌለ ቁጥሩን ለምን ጻፉበት?»

ሕዝቡ «እውነቱን ነው!» አለ። የመተማ ሰው ሰዓት ሲገዛ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ በሬ ሲገዛ አስኪዶ ነው፤ ያልሰማውንና ያላየውን በወሬ አይቀበልም።

እንግዳው ሐሚዳን ሲያያት አንጀቱን በላችው። ሬዲዮው ታሞ እንደሆነስ? እሱም አያውቅም። ሣጥኗን አውጥቶ አቧራዋን በክንዱ ጠረገ፣ ቁጥሯን መቶ ላይ አቆመ፣ ሽቦዋን ከአንቴናው አጠገብ ዘረጋ። ከዚያ የሬዲዮውን መርፌ ቀስ አድርጎ አዞረ። ሽሽሽ። አሁንም ሽሽሽ። ሐሚዳ ዓይኗን ጨፈነች። ድንገት ጥርት ያለ ፉጨት ሱቁን ሞላው።

አየሁሽ እልልታዋን አቀለጠችው። እንግዳው ደስታው እንደ ሕፃን አደረገው፣ የተጎዳ እግሩን ረስቶ ዘለለ።

ያረጋል ግን ግትር ነው። «ፉጨትማ ማሽላ ጠባቂም ያፏጫል። ሰው ይናገርበት!»

«ይናገርበታ!» እንግዳው ሊጠግነው ካስቀመጠው ቴፕ ማይክራፎን ወስዶ ከሣጥኗ ጋር አገናኘና ሁለቱንም ለሐሚዳ ሰጣት። ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ሬዲዮው የያረጋል ክንድ ላይ ነበር።

«ያረጋል፣ እኔ ሐሚዳ ነኝ» አለ ሬዲዮው። «ሌባ አይደለሁም።»

ሰውየው ሬዲዮውን ሊጥለው ምንም አልቀረው። ገበያተኛው ሣቀ፣ አጨበጨበ፣ ከደጅ ያለው ለማየት ይጋፋ ጀመር።

ከተሰበሰበው መሀል አዛውንቱ አቶ ደምለው በትራቸውን አነሱ። «አንተ ያረጋል፣ በአደባባይ ሰድበሃል፣ በአደባባይ ካስ።»

ያረጋል አንገቱን ደፍቶ ጓዳ ገባ። ሐሚዳ ወጥታ ሬዲዮውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ሐሚዳ» አለ የያረጋል ድምፅ ከሬዲዮው፣ «ሳላውቅ ስምሽን አጠፋሁ። ሌባ አይደለሽም። ይቅር በይኝ።»

ሐሚዳ በተጠቀለለችበት ቶብ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ደጅ የቆሙትን፣ ከእነሱም ማዶ እህል የሚሰፍሩትን አየች። ከዚያ የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረችና ወደ ጓዳው ጮኸች፦

«አልሰማሁም፣ ድገመው!»