የጋሽ ታደሰ ጥርስ

ወንድሜ ማቴዎስ የሞተበት ቀን እስከ ማምሻው ድረስ እንደሌላው የሥራ ቀን ነበር። መናኸሪያ አካባቢ ባለችው ክፍላችን እሱ የሰው ሠራሽ ተነቃይ ጥርስ ልኬት ይወስዳል፤ እኔ ጀሶ አፈስሳለሁ፣ እሞርዳለሁ። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰ መጡ። የላይኛው ተነቃይ ጥርሳቸው ስለላላ ልጃቸው ከውጭ የላከችላቸውን ማጣበቂያ ይቀቡ ነበር። ማቴዎስ ጥርሱን ሲያወጣው የከረመ ማጣበቂያ ከነምግቡ ደርቆበታል። ላንቃቸው በጥርሱ ልክ ቀልቷል።

«ጋሽ፣ ማታ ያወልቁታል?»

«ለምን ብዬ? ማጣበቂያው ላይ ጀርም ይገድላል ተብሎ ተጽፎበታል።»

«ጥቂቱን ይገታ ይሆናል። ከሥሩ ያደረውን ምግብ ግን አያጥብም። ይሄ ፈንገስ ይመስለኛል፤ ዛሬውኑ ክሊኒክ ይሂዱ። እስኪድንልዎ ጥርሱ እኛ ጋ ይቆይ።»

«ያለ ጥርስ ስብሰባ ልምራ?»

«ስብሰባው ያጥርልናላ!»

ጋሽ ታደሰ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው እየሳቁ ወጡ። ማቴዎስ ጥርሱን በብሩሽና በሳሙና ፈግፍጎ ውኃ ያለበት ኩባያ ውስጥ አኖረው።

«ጠዋት ጠዋት ውኃውን ቀይር። ላንቃቸው ሳይድን ቢለምኑህም እንዳትሰጣቸው» አለኝ።

ከዚያ የሌላ ደንበኛ ልኬት ሊወስድ ቱላ ወደምትባል ከተማ ሄደ። ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገለበጠ።

በማግስቱ ጠዋት ድንኳን ሲተከል እጄ አላርፍ አለ። ወንበር አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ፣ ደግሞ አነሳለሁ። ጋሽ ታደሰ ወደ ጥግ ሳቡኝ።

«በረከት ልጄ፣ ዛሬ የሕይወት ታሪኩን የማነበው እኔ ነኝ። ጥርሴን ለዛሬ ብቻ ስጠኝ። ማጣበቂያውን ወፈር አድርጌ እቀባለሁ፤ ጀርሙን ይገድለዋል።»

የክፍላችን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። ልሰጣቸው ፈለግሁ። ወንድሜ... በኮልታፋ ንባብ እንዲሸኝ አልፈለግሁም።

«እስቲ አፍዎን ይክፈቱልኝ» አልኩ። ወደ ፀሐይ አዞርኳቸው። ያው ነው፤ እንደ ትናንቱ ቀይ።

«አይሆንም፣ ጋሽ።»

«ለማቲ እኮ ነው!»

«እንዳትሰጥ ያለኝም ማቲ ነው።»

«እንግዲያ ቀስ ብዬ አነባለሁ» አሉ።

ወደ ክፍላችን ሄጄ ከፈትኩ። የኩባያውን ውኃ ደፋሁ፣ ጥርሱን በብሩሽ አሸሁ፣ ንጹሕ ውኃ ሞላሁበት። ማጣበቂያ ጥርስ ይይዛል፤ አያጥብም። ቆልፌ ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ።