የፌኔት ስምንት ደቂቃ

ወርቅቱ ያደታ በዕድሜዋ ብዙ ነገር ለቅቃለች። ከገፈርሳ ግድብ በታች የነበረው የአባቷ ማሳ ለቤት መሥሪያ ሲሸነሸን ፈርማ ለቅቃለች፤ ጉልበቷ ሲከዳት የራሷን ጨዋታ ለቅቃለች። አንድ ነገር ግን ማንም ከእጇ አላስለቀቃትም፤ ይኸውም በቡራዩ በምታሠለጥነው የኮሌጅ ሴቶች የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ማን ገብታ ማን እንደምትወጣ የመወሰን መብቷ ነው።

ሕጓ አጭርና ግልጽ ነበር። ከሳምንቱ ሦስት የልምምድ ቀናት አንዱንም ያልቀረች ተጫዋች፣ ከአርባው የጨዋታ ደቂቃ ቢያንስ ስምንቱ ድርሻዋ ነው፤ ብታገባም ብትስትም አይነካባትም። ኮከብ የተባለችውም ብትሆን ሳትደክም ትወጣለች። ይህን ከመጽሐፍ አልተማረችውም። አባቷ ኦቦ ያደታ በደቦ እርሻ ላይ ጥማድ የሚለውጡት በሬው አረፋ ሳይደፍቅ ነበር፤ ለደቦ የመጣን ሰውም፣ ጉልበቱ የቱንም ያህል ቢያንስ፣ እርፍ ሳያስጨብጡ አይመልሱም።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ፣ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን በመቃወም የአምቦ መንገድ በድንጋይና በባሕር ዛፍ ግንድ ሲዘጋ፣ ታክሲውም ሲጠፋ፣ ልምምዱ ሳሳ። ከገፈርሳ ማዶ የምትኖረው የገበሬ ልጅ ፌኔት ግን በእግሯ እየመጣች ከሜዳው አልጠፋችም። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ተጫዋች አልነበረችም፤ ግራ እጇ ኳስ አያውቅም፤ ከቅርጫቱ ሥር ብቻዋን ቆማ እንኳ ትስታለች። በዚያው ሰሞን ወንድሟ በተቃውሞው ተይዞ ታሠረ። በማግስቱም ልምምድ መጣች።

የኮሌጆች የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ዕለት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የተማሪዎች ዲን አቶ ፈቀደ ወደ ተጠባባቂዎቹ አግዳሚ ወንበር ጠጋ አሉ።

«ወይዘሮ ወርቅቱ፣ ያቺ ልጅ ዛሬ ትቀመጥ።»

«የትኛዋ?»

«ያውቋታል። ከፊት የተቀመጡት የከተማው አስተዳደር እንግዶች የወንድሟን ነገር ሰምተዋል።»

«እኔ ወንድሟን አላሰለፍኩም።»

«ቀልዱን ይተዉት! ጣቢታን እስከ መጨረሻው ያጫውቷትና አሸንፈን በሰላም እንግባ።»

«ጣቢታም ሳንባ አላት፣ አቶ ፈቀደ።»

ጣቢታ አባቷ ከወላይታ መጥቶ በሰበታ ፋብሪካ የሚሠራ፣ የቡድኑ ግማሽ ነጥብ ከእጇ የሚወጣ ረጅም ልጅ ናት።

ወርቅቱ በአፏ እንዲህ ትመልስ እንጂ ሆዷ ፈርቶ ነበር። የመጀመሪያው ሩብ አለፈ፤ ሁለተኛው አለፈ፤ ሦስተኛውም አለፈ። ሌሎቹ ሁሉ በየተራ ሲገቡ ፌኔት ከወንበሩ አልተነሣችም። «ትንሽ ቆይቼ» እያለች ራሷን ስትደልል፣ የጨዋታው ሰዓት ስምንት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ብቻ ቀረው። ቡድኗ በስድስት ነጥብ ይመራል። ዞር ብትል ፌኔት ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እኔ ልቅር፣ አዴ ወርቅቱ። በእኔ ምክንያት ያባርሩዎታል።»

ይህ ቃል ወርቅቱን ከማናቸውም ስድብ ይልቅ አሳፈራት። በእርሷ ፍርሃት የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ ለእርሷ ልትራራ! «ማሰሪያሽን እሰሪ!» አለችና ወደ ጠረጴዛ ዳኞቹ ሄዳ ቅያሪ ጠየቀች።

«ኧረ አዴ ወርቅቱ፣ ገና አልደከመኝም!» አለች ጣቢታ እየወጣች።

«ለዚህ ነው የማስወጣሽ።»

ጣቢታ ሳቋ መጣባት፤ የፌኔትን መዳፍ በመዳፏ መታ አድርጋ፣ «በግራ እንዳትሞክሪ ብቻ!» አለቻት። ተመልካቹ ግን አልሳቀም። «ጣቢታን መልሺ!» እያለ ጮኸ። አንዱም ከኋላ፣ «ወርቅቱ፣ ጸበል ነው እንዴ ለሁሉ የምታዳርሺው?» ሲል ተሳለቀ። አቶ ፈቀደ ከእንግዶቹ መካከል ፌኔትን እንድታስወጣ በእጃቸው ምልክት ሲሰጡ አየቻቸው፤ ፊቷንም ወደ ሜዳው መለሰች።

ፌኔት ሁለት ኳስ ሳተች፤ አንድ አስነጠቀች። ከቅርጫቱ ሥር ግን ከሁለት ረጃጅም ልጆች መካከል ዘልላ ተስተው የተመለሱ ሦስት ኳሶችን ይዛ አወረደች። ጣቢታ አርፋ በሌላ ተጫዋች ቦታ ተመለሰች፤ ፌኔትን ግን ወርቅቱ እስከ መጨረሻው ፊሽካ አልነካቻትም። በአንድ ነጥብ ተሸነፉ።

ሜዳው ሳይበተን አቶ ፈቀደ መጡ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል። «ሰኞ ጠዋት ‹ቅያሪው ስሕተት ነበር› ብለው በጽሑፍ ያቅርቡ፤ አለዚያ ቡድኑን ያስረክቡ» አሏት። ተጫዋቾቿ በዙሪያዋ ቆመዋል፤ ፌኔትም ከመካከላቸው ነበረች። ወርቅቱ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

«አቶ ፈቀደ፣ ስሕተቴን ከፈለጉ እጽፋለሁ፤ ስሕተቴ ሦስት ሩብ ሙሉ እርስዎን ፈርቼ ይህችን ልጅ ማስቀመጤ ነው። መሸነፋችንንም እጽፋለሁ፤ ተሸንፈናል፣ አልክድም። ፌኔት መግባቷን ግን ስሕተት ነው ብዬ በእጄ አልጽፍም። ቡድኑን ለሌላ ሰው ይስጡት፣ ማኅተሙ በእጅዎ ነው፤ እኔ በቆምኩበት ሜዳ ግን ልምምድ የመጣች ትገባለች!»