ስሙን የሚያስመዘግበው ወጣት

ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት በምትሞላበት ዓመት ከጦር ሠራዊቱ ደብዳቤ መጣላት። እዚህ ስዊድን ለውትድርና ሴትም ትጠየቃለች። እኔ ደግሞ አገር ቤት ታላቅ ወንድሜን አፈሳ የወሰደብኝ ሴት ነኝ። ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ መኪና ላይ ጭነውት ሄዱ፤ በዚያው ቀረ። ያኔ የሰፈራችን እናቶች ልጆቻቸውን ኮርኒስ ውስጥ ይደብቁ ነበር። እኔ አሁን በምኖርበት ሰፈር፣ በአልቢ፣ ኮርኒስ ስለሌለኝ ፖስታውን የበርበሬ ቆርቆሮ ሥር ደበቅሁት። ሞኝነቴን አውቃለሁ፤ የስዊድን መንግሥት ፖስታ ቢጠፋበት ሰው አይጠፋበትም።

የምሠራው መሀል ከተማ፣ አንድ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ጽዳት ነኝ። በዚያው ሰሞን መዳብ ላይ ተቀርጸው ወረቀት ላይ የታተሙ የድሮ ሥዕሎች ሰቀሉ። አንዱ ከመዳፌ እምብዛም አይበልጥም፣ ዕድሜው ግን አራት መቶ ዓመት ገደማ ነው አሉ። የወታደር ምልመላ ነው። አጉሊ መነጽር አስረውለታል። አንድ ጠዋት፣ በሩ ለጎብኚ ሳይከፈት፣ መወልወያዬን አስደግፌ ጎንበስ አልሁ።

ጉድ ፈላ! በዚያች ቁራጭ ወረቀት ላይ ስንቱ ሰው ሰፍሯል! ጦራቸው እንደ ስንዴ ማሳ ጥቅጥቅ ብሏል። ከበሮ መቺው እጁን አንሥቷል፤ ፈረሱ ጋማው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ጸሐፊ፣ በጸሐፊው እጅ ከቅንድብ ፀጉር የቀጠነ ብዕር። ይህን የቀረጸው እውነት የሰው እጅ ነው? መነጽሩ እንዳይደበዝዝ ትንፋሼን ያዝሁ።

ከጠረጴዛው ፊት አንድ ወጣት ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። ከኋላው የሚገፋው ፈለግሁ፤ የለም። አፈሙዝ ፈለግሁ፤ የለም። ርሀብ ይሁን ጀብዱ ምን እንዳመጣው አላውቅም። ግን አፉ ተከፍቷል፤ ስሙን የሚናገረው ራሱ ነው። ይሄ ነገር ገረመኝ፣ አሳፈረኝም። የልጄን አፍ ይዤ የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ።

ከሥራ እንደገባሁ በርበሬ በርበሬ የሚለውን ፖስታ እጇ ላይ አኖርሁላት። አልተቆጣችም። እንደ ልማዷ በስዊድንኛ መለሰችልኝ፦ ማስታወሻ በድጋሚ ተልኮላት ኖሯል፤ እኔ እስክሰጣት ስትጠብቅ ነበር። ስልኳን አውጥታ ቅጹን ከፈተችና ጥያቄዎቹን እየተረጎመችልኝ ወረደች፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ዐይኗ፣ ስለ እንቅልፏ። አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«መግባት ትፈልጊያለሽ ወይ ይላል።»

ጥያቄው የእኔ አልነበረም።

በስዊድንኛ «ያ» ብላ «አዎ» የሚለውን ነካችው። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። እሷም አጠገቤ መጥታ አንገቷን ደፋ አደረገችና፣ ለእኔ ብላ በአማርኛ፣ «ማማ፣ መርቂኝ» አለችኝ።

የሰው ልጅ ሲዳር ሲመረቅ አፌ ሰንፎ አያውቅም። ያን ቀን ግን መረቅኋት ማለት ሂጂ አልኋት ማለት ነው። እጄን ራሷ ላይ ጫንሁ።

«እግዚአብሔር በሰላም ይመልስሽ» አልኋት፣ ገና ሳትሄድ።