የእትዬ ዳይሬክተር ፀጉር

እትዬ ዳይሬክተር አንድም ቀን ዳይሬክተር ሆነው አያውቁም። ለሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ስምንት ዳይሬክተሮች ተሹመው ሲሻሩ እሳቸው በሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛቸው ንቅንቅ አላሉም። መሥሪያ ቤቱን በእርግጥ ማን እንደሚመራው ቀድመው የገባቸው ተላላኪዎቹ ነበሩና ስሙን ያወጡላቸው እነሱ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ስሙም ተከትሏቸው ሰፈር ገባ።

ሰፈሩ ስለ እሳቸው በደንብ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ የተሳሳተ ፊደል አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም፤ የሱቅ ማስታወቂያ እንኳ ቢሆን ቆመው ባለቤቱን አስጠርተው ያሳርማሉ። ሁለተኛው ፀጉራቸው ነው። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ትከሻቸው ላይ ሲደርስ ወደ ውስጥ እጥፍ የሚል። ነፋስ አይበትነውም፣ ሙቀት አያነሣውም። በየስምንት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ይገቡና በሩን ይቆልፋሉ፤ ሲወጡ ፀጉሩ እንደ ሐር ተኝቷል። በመካከሉ ምን እንደሚደረግ ልጃቸው እንኳ አያውቅም። ፀጉር ቤት ሄደው አያውቁም። «ጭንቅላቴን ለማላውቀው ሰው?» ይላሉ፣ የቤት ቁልፍ ስጡ የተባሉ ይመስል።

ልጃቸው ሲያገባ ሚስቱን ይዞ ፎቅ ላይ ያለው እናቱ ቤት ገባ። ምራታቸው መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። መስታወት ሞርዳ ፍሬም ውስጥ የምትገጥም፣ ጣቶቿ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ብሎን ማሰር የለመዱ፣ ድምጿ የማይሰማ ሴት ናት። የእሷ ፀጉር ማለስለሻ የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም። ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥምዝምዝ፣ ሲደርቅ ወደ ላይ የሚነሣ ነው። ቅዳሜ ማታ አጥባው ለሁለት ለሁለት ትገምደዋለች፣ ሰኞ ፈትታው እንደ ዘውድ ደፍታው ሥራ ትሄዳለች።

መጀመሪያ ቀን ቤቱን ስትረግጥ እትዬ ዳይሬክተር ከእግሯ ጀምረው እስከ ፀጉሯ አዩዋትና እዚያው ቀሩ።

«ምነው ልጄ፣ ዝናብ መታሽ እንዴ?» አሏት።

ውጪ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

ምራትየው ሳቅ ብላ አለፈችው። ነገሩ ግን ሆዷ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ፣ «እንደምን አደሩ እማማ»፣ «ይመስገን ልጄ» ከመባባል ያለፈ ጨዋታ በመካከላቸው አልነበረም። ክፉም አይነጋገሩም። እንዲሁ እንደ ሁለት የተከበሩ እንግዶች ይተላለፉ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ እትዬ ዳይሬክተር ከደረጃው ላይ አዳለጣቸውና የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ሐኪሙ ከጣታቸው ሥር እስከ ክርናቸው ጀሶ አሰረላቸውና ስድስት ሳምንት እንዳይነኩት አዘዘ። እሳቸውም ጀሶውን ቻሉት፣ በግራ እጅ መብላቱንም ለመዱት። ያልቻሉት የቀን መቁጠሪያውን ነበር። ስምንተኛው ሳምንት እየመጣ ነው። ከጆሯቸው በላይ አዲሱ ፀጉር ሁለት ጣት ያህል አድጎ፣ እንደ ቡቃያ አፈር ገፍቶ መውጣት ጀምሯል።

አንድ ዓርብ ምራታቸውን ጠሯት። ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነበር።

«ፀጉር ትችያለሽ?»

«የራሴን እችላለሁ፣ እማማ።»

«እሱን አላልኩሽም። ፀጉር ነው ያልኩሽ።»

ምራትየው ደሟ ፈላ። ነገር ግን ቀና ብላ ስታያቸው፣ የአሮጊቷ ግራ እጅ ከጆሯቸው በላይ ያለውን ቡቃያ እየሸፈነ ነበር። አንጀቷን በሏት። «እሞክራለሁ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ወንበር ገባ። የታሰረው እጅ በፌስታል ተጠቀለለ፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ ተደረገ። እትዬ ዳይሬክተር ትእዛዝ መስጠት ጀመሩ። ቫዝሊኑን በግንባር ዙሪያና በጆሮ ላይ፤ ጓንቱን አጥልቂ፤ ከኋላ ጀምሪ፤ አዲሱን ብቻ እንጂ የድሮውን እንዳትነኪ፤ ሰዓት ያዢ። ምራትየው ፀጉሩን በአራት ከፍላ ሥር ሥሩን ማለስለሻውን በጥንቃቄ ቀባችው። እትዬ ዳይሬክተር በመስታወት እየሰረቁ ያዩዋታል። «ጥሩ ነው» አሉ በስተመጨረሻ፤ በሁለት ዓመት የመጀመሪያቸው ነበር።

አሥር ደቂቃ እንደሞላው ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ጀመሩ።

«ያቃጥልዎታል?»

«ትንሽ ይቆጠቁጣል።»

«ጭንቅላትዎን አከውት ነበር እንዴ?»

እንደ ተማሪ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትናንት ማታ… በእርሳስ» አሉ።

ከመቀባቱ በፊት የታከከ ጭንቅላት ማለስለሻ እንደማይችል ሠላሳ ዓመት የቀባ ሰው አይስተውም። ግን በላባቸው፣ አከኩት። ምራትየው ጎንበስ አደረገቻቸውና ቧንቧውን ከፈተች። በቀኝ በኩል ያለው ነጭ ክሬም እየታጠበ ወረደ። ወደ ግራ ስታዞራቸው ቧንቧው ሁለቴ አስሎ፣ አንድ ጠብታ ጠብ አድርጎ፣ ቀጥ አለ።

ውኃ ሄደ።

ምራትየው ቆሌዋ ተገፈፈ። ሮጣ የሚጠጣውን ውኃ በጆግ አመጣች፤ አለቀ። በማንቆርቆሪያው ውስጥ የተረፈውን ደገመች፤ አለቀ። የግራው ወገን አሁንም እንደ ተለሰነ ግድግዳ ነጭ ነው፤ አሮጊቷም ጥርሳቸውን ነክሰዋል። ታች ግቢው ውስጥ የሚኖሩት ጡረተኛ ሾፌር በርሜል እንዳላቸው ትዝ አላት።

«ይነሡ፣ እንውረድ!»

«እንዲህ ሆኜ? ሰው አያየኝም!»

«ፀጉርዎ ከሚወልቅ ሰው ቢያይዎት ይሻላል! ይነሡ አልኩ!»

ያቺ ድምጿ የማይሰማ ሴት ጮኸችባቸው። እትዬ ዳይሬክተር ከድንጋጤያቸው የተነሣ ታዘዙ። ያን ሁሉ ደረጃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱ፤ አንዲቱ ጓንት እንዳጠለቀች፣ አንዲቱ ፌስታል እንዳጠለቁ።

ሾፌሩ በርሜላቸው አጠገብ ቆመው አበባ ያጠጡ ነበር። ቀና ሲሉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሩቅ ያከበሯቸው ሴት በግማሽ ነጭ ራስ ፊታቸው ቆመዋል። ጣሳው ከእጃቸው ወደቀ።

«እትዬ ዳይሬክተር?»

«ውኃ!» አለች ምራትየው።

ሾፌሩ ጨዋ ሰው ናቸው። ወዲያው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ከበርሜሉ እየቀዱ ወደ ኋላ ማቀበል ያዙ። «አላየሁም እትዬ፣ ምንም አላየሁም» ይላሉ፤ ከእያንዳንዱ ጣሳ ግማሹ የገዛ ጫማቸው ላይ እየፈሰሰ። እንዲያም ሆኖ በርሜሉ ተጋመሰ፣ ፀጉሩም ጠራ።

ፀጉሩ ጠራ እንጂ ነገሩ አልጠራም። ከግራ ጆሯቸው ኋላ የጣት ጫፍ የሚያህል ቆዳ ተላጠ። በአራተኛው ቀን ደግሞ አዲሱና አሮጌው ፀጉር በሚገናኙበት ላይ እየተቆረጠ ማበጠሪያ ውስጥ መቅረት ጀመረ። እትዬ ዳይሬክተር ሻሽ አሰሩ። በየሐሙሱ ከድሮ የሥራ ጓደኞቻቸው ጋር የሚገናኙበትን ቀጠሮም ቀሩ። ልጃቸው ሊያጽናና ፈልጎ «ፀጉር አይደል፣ ይበቅላል» ቢል፣ ሁለቱም ሴቶች እኩል ዞረው እንዴት እንዳዩት! ሰበብ ፈጥሮ ወደ ማእድ ቤት ገባ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ምራትየው ለብ ያለ ውኃ በሳፋ፣ ኮንዲሽነርና ጥርሱ ሰፋፊ የሆነ ማበጠሪያ ይዛ ክፍላቸው ገባች።

«እማማ፣ ሻሹን ይፍቱት። ላበጥርዎ ነው።»

«ምን ቀርቶ ይበጠራል?»

«የቀረው።»

ወለሉ ላይ ትራስ አድርገው ተቀመጡና ጀርባቸውን ለጉልበቷ ሰጡ። ፀጉሩን አርሳ፣ ኮንዲሽነር ለቀለቀችውና ከጫፉ ማበጠር ጀመረች።

«ከሥር ነው እንጂ» አሉ እትዬ ዳይሬክተር።

«ከጫፍ ነው። ቋጠሮው መጀመሪያ ታች ይፈታል፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ። ከላይ ከጎተቱት ይበጠሳል።»

«ማን አስተማረሽ?»

«አክስቴ። ጆሮዬን እየቆነጠጠች።»

ሳቁ። ማበጠሪያው ወደ ላይኛው ቡቃያ ሲደርስ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ማውራት ጀመሩ።

«ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ባሌ ሞቶ፣ ይሄ ያንቺ ባል ገና ጡት ይጠባል። ለታይፕ ፈተና ቀረብን፤ አሥራ አራት ሰው ነበርን። ሁሉንም ቀደምኳቸው። አንዲት ስሕተት የለችም። ፈታኟ ሴትዮ ወረቀቴን አየች፣ ከዚያ ፀጉሬን አየች። ‹ሥራው ያንቺ ነው፤ ነገ ግን ፀጉርሽን አበጥረሽ ነይ› አለችኝ።»

«እና?»

«እናማ ልጄ፣ ያን ጠዋት አንድ ሰዓት ሙሉ አበጥሬ ነበር የሄድኩት።»

የምራትየው እጅ ቆመ።

«በማግስቱ አለስልሼው ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ያለሱ ታይቼ አላውቅም። አንቺ በዚያ በር ስትገቢ፣ ለአንቺ የፈራሁልሽ መስሎኝ ነበር። ለካ ያቺን ሴትዮ ሆኜብሻለሁ።»

የምራትየው ዓይን እንባ ሞላ። «አንገትዎን ቀና ያድርጉ» አለች፤ ከዚያ ግን ማበጠሪያውን አስቀምጣ፣ በሁለት መዳፏ ያንን የተጎዳ ራስ ለትንሽ ጊዜ ደገፈችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ ከሰዓት በኋላ የፀጉር ሆነ። ትኩስ ነገር አይነካውም፣ በሳምንት አንድ ቀን ይርሳል፣ ሲተኙ በሳቲን ሻሽ ይጠቀለላል፣ የሳሳው ጫፍ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይከረከማል። አዲሱ ፀጉር ያለ ማለስለሻም ያለ ቀለምም ሲያድግ መልኩ አመድማ ሆኖ ወጣ፤ ጥቅልሉ ትንንሽና ለስላሳ። እትዬ ዳይሬክተር መስታወት ፊት ቆመው በጣታቸው አንዱን ይስቡትና ይለቁታል፤ ተመልሶ ይጠቀለላል፣ ደግመው ይስቡታል። «ይሄ ሁሉ ዘመን እዚህ ነበር?» ይላሉ።

ጀሶው ተፈታ፤ ሐኪሙም እጅዎ ድኗል ብሎ አሰናበታቸው። እሳቸው ግን ማበጠሪያ ሲይዙ አንጓቸውን እንደሚያማቸው ተናገሩ። ምራትየው በዚያው ሳምንት የጋዝ ሲሊንደሩን በቀኝ እጃቸው አንጠልጥለው ማእድ ቤት ሲያስገቡ አይታቸዋለች። ያም ሆኖ እሑድ ሲደርስ ሳፋዋን ይዛ መጣች።

ዓመት ሊሞላ ሲል ፀጉሩ ተመልሶ ጆሯቸውን ሸፈነ። ምራትየው እንግዲህ እንደ እኔ ይተዉታል ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ጠዋት የማለስለሻ ዕቃ ይዘው መጡ፤ ኃይሉ ለዘብ ያለውን ዓይነት።

«ቅር አለሽ?»

«የለም እማማ። ግን ለምን?»

«ድሮ የምቀባው ፈርቼ ነበር። አሁን ሁለቱንም አየሁት፤ ሳስተኛው ደስ ይለኛል፣ በቃ። ሽበቱን ግን አላጠቁረውም፤ እሱ የሥራ ልምዴ ነው።»

ቀን ቆረጡ። ሾፌሩ ሳይነገራቸው በዋዜማው ሦስት ጀሪካን ውኃ በር ላይ ደርድረው ሄዱ። ማንም ጭንቅላቱን አላከከም። ሥራው አልቆ ፀጉሩ ሲደርቅ፣ ብርማ ሆኖ፣ አገጫቸው ሥር እጥፍ ብሎ ተኛ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ዳይሬክተር ወንበር ስበው ተቀመጡና ምራታቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጧት። በዳነ እጃቸው፣ በማበጠሪያው ጭራ፣ ያንን ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ይከፍሉት ጀመር። ሠላሳ አንድ ዓመት መስመር ያስተካከሉ ጣቶች ናቸው፤ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ያወጡት መስመር በማስመሪያ የተሠመረ ይመስል ነበር። መገመዱን ግን አላወቁበትም፣ ሁለት ጊዜ ፈቱት። «ስሕተት አለው» እያሉ።

ሐሙስ ዕለት ወደ ጓደኞቻቸው ስብስብ ተመለሱ። ብርማውን ፀጉር ያዩ የድሮ ጸሐፊዎች ከብበው ማን እንደሠራላቸው ጠየቁ። «ምራቴ ናት» አሉ፤ አፋቸው ላይ እንዴት እንደጣፈጣቸው ያየ ሁሉ አውርቶታል። አንዷ የእሷ ፀጉር ከግንባሯ እየሳሳ መሆኑን ሹክ አለች፣ ሌላዋ ዊጓን ከፍ አድርጋ የተጎዳውን አሳየች፤ ሦስተኛዋ ፀጉሯን ተፈጥሮው ይሁን ብላ ብትተወውም ማበጠር አቅቷት በሻሽ ደብቃዋለች።

በሚቀጥለው እሑድ ሦስቱም ፎጣቸውን በዘንቢል ይዘው መጡ። ልጅየው ከምሳ በኋላ ፊቱን ሊታጠብ ቢሄድ መታጠቢያ ቤቱ ተይዟል፣ ወንበር የለም፣ ሳፋ የለም፤ እናቱ በሩ ላይ ቆመው ተራ ያስይዛሉ።

«እኔስ?» አላቸው።

«ሾፌሩ ጋ በርሜል አለ» አሉት እትዬ ዳይሬክተር፣ «ሂድና ጠይቃቸው»። ይህን ብለው ተረኛዋን አስገቡ።