በሁለት የወር አበባ መካከል

መጀመሪያ ያመመኝ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ነው። ከእምብርቴ በታች፣ በቀኝ በኩል ወጋኝ፤ በማግስቱ ለቀቀኝ። ያኔ ጊምቢቹ አስተማሪ ነበርኩ፤ አላገባሁም። ሕመሙ በየወሩ ተመላለሰ፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ቀኑን ስጽፈው ሁልጊዜ በሁለት የወር አበባ መካከል ይውላል።

ለክሊኒኩ ድሬሰር ነገርኩት። የኮሶ መድኃኒት ሰጠኝ። በሌላው ወር፣ "ኩላሊት ነው" አለ። በሦስተኛው፣ "አግቢ፣ ይተውሻል።" ቀኖቹን የጻፍኩበትን ወረቀት ዘርግቼለት አላየውም። ንዴቱ ከሕመሙ ባሰብኝ።

አንድ ሐሙስ ሕመሙ አልለቀቀኝም። ሆዴ ተነፋ። ትከሻዬን አመመኝ። ላብ አጠመቀኝ። ወደቅሁ።

አከራዬ እትዬ ዘይነባ ደግፈው ክሊኒክ ወሰዱኝ። ድሬሰሩ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "ምን ጠጥተሽ ነው ያስወረድሽው?" አለኝ።

"ወንድ አታውቅም!" ብለው ጮኹበት እትዬ ዘይነባ። "ብታውቅስ፣ ትሙት ነው የምትለው?"

ሱቃቸውን ዘግተው፣ ገብስ የጫነ መኪና ለምነው ሆሳዕና አደረሱኝ። ሐኪሙ ሆዴን ዳሰሰ። ሆዴ ውስጥ መርፌ ሲያስገባ ደም ወጣ። ወዲያው ኦፕራሲዮን ተደረግሁ።

ከቀናት በኋላ ተደግፌ መቀመጥ ስችል፣ ሐኪሙ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳኝ።

"ኦቫሪ የሚባሉ ሁለት የእንቁላል ቤቶች አሉሽ። በየወሩ ባንደኛው ላይ ትንሽ ከረጢት ፈሳሽ ቋጥሮ ያብጣል፤ ግድግዳው እየሳሳ ሄዶ ይቀደድና እንቁላሏ ትወጣለች። የማህፀን ቱቦው ጫፍ እንደ ጣት የተከፋፈለ ነው፤ ጠራርጎ ወደ ውስጥ ያስገባታል። ኦቩሌሽን ይባላል። ሲቀደድ ጥቂት ቢያምም፣ ጥቂት ቢደማም ጤና ነው። ያንቺ ግን በዚህ ወር ከተቀደደበት የሚፈሰው ደም አልቆም ብሎ ሆድሽን ሞላ፤ ትከሻሽንም ያሳመመሽ እሱ ነው።"

ይህን ለመስማት ሆዴ መቀደድ ነበረበት? መዳኔ ካስደሰተኝ ይልቅ ያ አንገበገበኝ።

ጊምቢቹ ስመለስ አስወረደች የሚለው ወሬ ቀድሞኝ፣ ክፍሌ ለሌላ አስተማሪ ተሰጥቶ ነበር። ዳይሬክተሩ ሐኪሙ የጻፈልኝን የሕክምና ማስረጃ ሁለቴ አነበበና፣ "እንግዲህ ሰኞ ግቢ" አለኝ። ይቅርታ አልወጣውም። ድሬሰሩም መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።

ለሐኪሙም ለእትዬ ዘይነባም የሕይወቴ ባለውለታ ነኝ። እንደኔ የሚያማችሁ እህቶቼ፣ ቀኑን ጻፉ። ሕመሙ ከበረታ፣ ካዞራችሁ ወይም ትከሻችሁን ካመማችሁ፣ ይለፍ ብላችሁ አትተኙ። ስለ ጠባያችሁ የሚጠይቃችሁ የክሊኒክ ሰው ካጋጠማችሁም በቁጣ አትውጡ፤ እኔ ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ። "መጀመሪያ ሆዴን ዳስስ" በሉት።