የመርማሪው አምፖል

እህቴን ያገባው ሰውዬ ስም አለው፤ ግቢያችን ውስጥ ግን ሁሉም የሚጠራው «መርማሪው» እያለ ነው። የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ሲሆን ኮፈን ከመክፈቱ በፊት ባለቤቱን አስቁሞ ይመረምራል። «መቼ ጀመራት? ዝናብ መቷት ነበር? ከኔ በፊት ማን ነካት? አትዋሸኝ፣ ማን ነካት?» ሰው መኪና ሊያሠራ መጥቶ ቃሉን ሰጥቶ ይሄዳል። እኔ ከሱ አጠገብ ባለችው ቆርቆሮ ቤት በያጅ ነኝ። ዓይን የሚያጠፋው ሥራ የኔ ነው እያልኩ ዕድሜ ልኬን ስሰጋ ኖሬ የሄደው የሱ ዓይን ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር ማን እንደሚያከፋፍል አላውቅም፤ ባገኘው የምለው ነበረኝ።

መጀመሪያ ያስቸገረው ቀለም ነው። ቀዩ ሽቦ ቡናማ፣ ቡናማው ጥቁር ሆነበት። ከዚያ ዳር ዳሩ እየጠበበ መጣ፤ በር ሲገባ ትከሻው መቃኑን ይመታል፣ እሱ ደግሞ መቃኑን ይሰድባል። እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ምን ያህል እንደሚቆይ አይታወቅም። ስንወጣ «ይኼ ሐኪም ጥሩ መርማሪ አይደለም፣ ማን ነካህ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

በማግስቱ እኔንና እህቴን ጠራንና አምፖሏን አወጣ። መፈተሻው ናት። ከትንሽ አምፖል ሁለት ሽቦ ይወጣል፤ በአንዱ ጫፍ መቆንጠጫ፣ በሌላው ሹል ሚስማር አለ። ኤሌትሪክ ካለ ትበራለች፣ ከሌለ ጨለማ ናት። ሥራ ሲጀምር በገዛ እጁ የሠራት ናት፤ ከኪሱ አትጠፋም።

«ይቺን እስካየሁ ድረስ እሠራለሁ» አለን። «በርታ ሳላያት የቀረሁ ቀን ሳጥኔን ራሴ እዘጋለሁ። እስከዚያ ማንም ስለ ዓይኔ እንዳያወራኝ።»

እህቴ ከዚያ ወዲህ ምሳ ይዛ መምጣት አዘወተረች። ምሳው ሰበብ ነው። ደንበኛው ፊቱን ሲያዞር ጎንበስ ትልና «ቀይ... ይኼ ደግሞ ቢጫ ነው፣ ነጭ መስመር ያለበት...» ትለዋለች በሹክሹክታ። እሱም ምንም እንዳልሰማ ሆኖ ሽቦውን ይይዛል። ደንበኞቹ ባልና ሚስት እንዲህ ሲዋደዱ አይተን አናውቅም ይላሉ። መዋደዱስ እውነት ነው። ግን እኔ ሽቦ ስትቆጥርለት ባየኋት ቁጥር መዶሻዬን አንስቼ የማያስፈልገውን ብረት እቀጠቅጣለሁ።

አሮጌዋ ሚኒባስ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ሾፌሯ አፉ የማያርፍ፣ ሳቂታ ሰው ነው። መርማሪው እንደ ልማዱ ሲያፋጥጠው ሁሉንም ዘረገፈለት። ፍሬን ሲረግጥ የፊት መብራቱ ይደበዝዛል። ፍሬቻ ሲያበራ ዝናብ መጥረጊያው ይነሳል። ክላክስ ሲነፋ ደግሞ ሞተሩ ድርግም ይላል።

«ስለዚህ መንገድ ላይ ሰው ሲገባብኝ ክላክሱን ትቼ በመስኮት እጮሃለሁ» አለ። ድምፁ የጎረነነው ለካ በዚህ ነው።

የግቢው ኤሌትሪክ ሠራተኞች ሁሉ አይተዋት እጃቸውን አጥበዋል። ዳሽቦርዷ ሲፈታ እኔም ምክንያቱ ገባኝ። እኛ ዘንድ የሞተ ሽቦ የሚያወጣ የለም፤ ሁሉም ከጎኑ አዲስ ጎትቶ ይሄዳል። የትኛው እንደሞተ ለማወቅ ማን ጊዜ ያጠፋል? ከሱቅ የማይጠፋው ደግሞ ጥቁር ሽቦ ነው። እና ሚኒባሷ ውስጥ የነበረው ሁሉ ጥቁር፣ በጥቁር ላይ የተጠመጠመ ጥቁር፣ ድመት የተጫወተችበት ክር ነበር። እህቴ ጎንበስ ብላ አየችና «ሁሉም ጥቁር ነው» አለችው።

እሱ ፊቱ በራ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲያ ሲደሰት አየሁት።

«እዚች መኪና ውስጥ ማንም ከኔ የተሻለ አያይም!» አለና እጅጌውን ሰበሰበ። «አንተ በያጅ፣ ና ወዲህ። ከኋላ ሆነህ ያዝልኝ፤ ስጎትት የተንቀሳቀሰውን ንገረኝ።»

እሱ ከፊት ይጎትታል፣ እኔ ከኋላ «ይኼ ነው» እላለሁ። እንዲህ እያልን የሞተውን ሁሉ እየቆረጥን አወጣን። ጣቶቹ አንድም ነገር አያመልጣቸውም፤ የተላጠውንም፣ የቀለጠውንም፣ በፕላስተር ተሸፍኖ የላላውንም በዳበሳ ያገኛል። እህቴ የሚነገር ቀለም ስላልነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። እኔም ሞኙ፣ ምናልባት እንዲህ እየዳበሰ መኖር ይችል ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ።

የሚኒባሷ ባትሪ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነው። ከባትሪው ነጌቲቭ የሚመጣው ወፍራም ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርባትን ብሎን መርማሪው በጣቱ ነካ አድርጎ ቆመ። በዝገትና በአረንጓዴ ዱቄት ተሸፍናለች።

«ተገኘሽ!» አለ። «ይኼ ሲበላሽ ኤሌትሪኩ መመለሻ አጥቶ በየሰው ቤት ይገባል። ለፍሬን የሄደው በመብራቱ በኩል፣ ለፍሬቻው የሄደው በመጥረጊያው በኩል ይዞራል። አየህ ወንድሜ? መኪናህ እብድ አይደለችም» አለው ሾፌሩን፤ ሾፌሩም እየሳቀ ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

መርማሪው ብሎኗን ፈታት፤ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፣ መልሶ አሰረ። ከዚያ አምፖሏን አወጣ። መቆንጠጫውን በባትሪው ፖዘቲቭ ነከሰ፣ ሚስማሩን ከብሎኗ አጠገብ ወደ ጸዳው ብረት አስጠጋ። ሽቦው በደንብ ከያዘ አምፖሏ መብራት አለባት።

አምፖሏ ቦግ ብላ በራች።

«አልያዘም» አለ መርማሪው።

እኔና እህቴ ተያየን። እሱ ፈትቶ እንደገና ፈተገ፣ አሰረ፣ ሚስማሩን አስጠጋ። እንደገና በራች፤ የወንበሩን ሥር ሳይቀር አበራችው።

«አልያዘም እኮ! ምን ዓይነት ዝገት ነው?»

ለሦስተኛ ጊዜ ሲፈትግ ብረቱ መስተዋት መስሎ ነበር። እህቴ አፏን በሻሿ ያዘች። ያን ሁሉ ቀለም በሹክሹክታ የነገረችው ሴት ይኼን አንድ ቃል መናገር አቃታት። እኔም ቢያምናት የምታጽናናው አንዲት ውሸት ፈለግሁ፤ አጣሁ። እንዲሁ ሲፈትግ ቢውል፣ ቢመሽ፣ ነገም ቢቀጥል ብዬ ተመኘሁ።

ሾፌሩ ሻይ ጠጥቶ የተመለሰው መርማሪው አስሮ ሚስማሩን እንደገና ባስጠጋበት ሰዓት ነው። በበሩ አንገቱን አስግጎ አየና በደስታ ጮኸ። «በርታለች እኮ! ጎበዝ መርማሪው!»

መርማሪው ቀስ ብሎ ግራ እጁን አነሣና አምፖሏን ጨበጣት።

«ልቀቃት፣ ታቃጥልሃለች» አለችው እህቴ።

«አዎ፣ ታቃጥላለች» አለ። «በርታለች።»

አልለቀቃትም። መቆንጠጫውን ከባትሪው የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ ብሎኗንም ያጠበቅኳት እኔ ነኝ። እሱ የሚኒባሷ ደረጃ ላይ ተቀምጦ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ እየዳበሰ ወደ ሳጥኑ መለሰ። እህቴ ልታግዘው እጇን ስትዘረጋ «ተይኝ» አላት። በመጨረሻ አምፖሏን በሽቦዋ ጠቅልሎ ከላይ አስቀመጣትና ክዳኑን ገጠመ።

ከግቢው ሲወጣ ሾፌሩ ክላክሱን ደጋግሞ ነፋልን። ሞተሩ አልጠፋም።