ቤሩት ያዞረችው ሰዓት

ከድሮ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ቡታጅራ ውስጥ ቀጠሮ የሚያከብር እሱ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቡታጅራ «ጠዋት እንገናኝ» ከተባለ ጠዋቱ እስከ ምሳ ይዘልቃል፤ ያረፈደው ይቅርታ አይጠይቅም፣ የጠበቀውም አይቆጣም። ከድሮ ግን ይቆጣል። አምስት ደቂቃ ያሳለፈ ደንበኛ ሰዓቱ ተሠርቶ እያየው «ነገ ና» ይባላል። ሰው ማመላለስ ደስ ይለው ነበር፤ እውነቱን እንናገር ካልን ክፉ ሰው ነበር።

ልጁ ሃፊዛ ቤሩት ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። በ1997 ሰኔ ላይ አሠሪዋ በየወሩ መጀመሪያ እሁድ፣ ራሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ እንድትደውል ፈቀደችላት። ስልኩ የሚደወለው ከከድሮ ሱቅ ፊት ለፊት ወዳለው የአዛለች ሱቅ ነው፤ ሰዓቱም ከጠዋቱ ልክ አራት።

«እዚህ ሰው ሁሉ ሩጫ ላይ ነው፣ አባ» ትለዋለች። «አንዲት ደቂቃ ካሳለፍኩ ጩኸት ነው።»

«ይቺ ናት አገር!» ይላል ከድሮ፣ የልጁ ድካም ሳይሰማው።

በኅዳር መጀመሪያ እሁድ አራት ሰዓት ሆነ፤ ስልኩ ዝም አለ። ከድሮ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ወደ ሱቁ ተመለሰ። አምስት ሰዓት ላይ አዛለች መንገዱን ተሻግራ እየሮጠች መጣች።

«ጋሽ ከድሮ፣ ሃፊዛ መስመር ላይ ናት! ብርድ ስለገባ ቤሩቶች ሰዓታቸውን በአንድ ወደ ኋላ መልሰውታል ትላለች። የእነሱ አራት ሰዓት አሁን ነው።»

«አገር ሙሉ ሰዓት ያዞራል? እኔ ሰዓት ሠሪው ሳልሰማ?» ብሎ ሳቀ። «አርፍዳ ነው፤ ሰበብ ነው። በሰዓቷ ትደውል በያት።»

ታኅሣሥም እንዲሁ አለፈ። ጥር ላይ አዛለች እያለቀሰች መጣች። የሃፊዛ ውል ሊያልቅ ነው፤ አሠሪዋ ለሁለት ዓመት ካላደስሽ ብላ ይዛታለች፤ ልጅቱን ደግሞ ወገቧን ያማታል።

«አባቴ ነይ ካለኝ እመጣለሁ፣ ሳይፈቅድ ብመጣ ግን በር አይከፍትልኝም ነው የምትለው። መስመር ላይ ናት፣ አንድ ቃል ብቻ ይበሏት፣ ጋሽ ከድሮ!»

ከድሮ ካጎነበሰበት ሳይነሣ «አርፍዳለች» አለ። ልቡ ወደ ስልኩ ሄዷል፤ ኩራቱ ነው ያስቀመጠው።

ጥር ሲያልቅ ባሂራ የምትባል፣ ከቤሩት የተመለሰች የእንሴኖ ልጅ ማሰሪያው የተበጠሰ ሰዓት ይዛ መጣች። ከድሮ ሲያየው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል።

«ይዘገያል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው፣ የቤሩቱን ሳልቀይረው ነው። እዚያ ብርድ ሲገባ ሕዝቡ በሙሉ ያዞረዋል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይመልሱታል።»

ከድሮ ማሰሪያውን ገልብጦ አስገባው።

በየካቲት መጀመሪያ እሁድ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አዛለች ሱቅ ተቀመጠ። አምስት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ።

«ሃፊዛ፣ ልጄ፣ ነይ! ነይልኝ!»

«አባ፣ ሐሙስ ዕለት ፈረምኩ» አለችው። «ሁለት ዓመት ነው። ፓስፖርቴንም አሠሪዬ ወስዳዋለች።»

«እኔ እኮ ሰዓቱን... አላወቅኩም...»

«አዛለች አልነገረችህም?»

ሊዋሽ ፈለገ። አዛለች ግን ፊቱ ቆማለች።

«ነግራኛለች» አለ።

ሃፊዛ ስልኩን ዘጋችው።